አሳማው ተከሶ ሰው የተረሳበት ዘመን
የአሳማ ኮሶ ትል ታሪክ

በጥንቷ ግሪክ ገበያ ለሽያጭ የቀረበ አሳማ አፉ ተፈልቅቆ ምላሱ ይመረመር ነበር። ከምላሱ ሥር እንደ በረዶ ጠጠር የነጡ ትንንሽ ፍሬዎች ከታዩ እንስሳው በሽተኛ ነው ማለት ነው። ልማዱ በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀ ስለነበር፣ አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት ለመድረክ ባበቃው «ፈረሰኞቹ» በተባለው የቀልድ ተውኔት ውስጥ መሣለቂያ አድርጎ አስገብቶታል። ከእርሱ በኋላ የመጣው አርስጣጣሊስም ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ የአሳማ በሽታ በግሪክኛ «በረዶ» በሚል ስም ገልጾ፣ በጭን፣ በአንገትና በትከሻ ሥጋ ውስጥ እንደሚገኝና በምላስ ሥር እንደሚታወቅ አስረድቷል። እነሆ ከ2,400 ዓመታት በኋላም በላቲን አሜሪካና በአፍሪካ ገጠሮች አሳማ ገዥው ከብቱን ጥሎ፣ በዱላ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን በጨርቅ ይዞ ይዳብሳል። የእንስሳት ሕክምና ካወረሳቸው የምርመራ ዘዴዎች መካከል ይህን ያህል ዕድሜ ያስቆጠረ ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ምርመራው ምን ጊዜም የሚደረገው በአሳማው ላይ ብቻ ነበር። አሳማው በሽታውን ከማን እንደወሰደው የጠየቀ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያወሳሰበው አንዱ ፍጡር በሦስት ልዩ ልዩ መልክ መገለጡ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋና ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሜትር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚደርስ ትል ይታያል። በአሳማ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ፣ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይገኛሉ። ሦስተኛው መልክ በሰው አካል ውስጥ፣ ይልቁንም በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ተመሳሳይ ከረጢት ነው። በ1558 ሩምለር የተባለ ሐኪም በሚጥል በሽታ ይሠቃይ በነበረ ሰው አስከሬን ላይ፣ በአንጎል ሽፋን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማየቱን ጽፏል፤ ምን እንደሆነ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ሊኔየስ በ1758 ለጥብጣቡ ትል «ቴንያ ሶልየም» የሚለውን የሳይንስ ስም ሲሰጠውም ከአሳማው ከረጢት ጋር የሚያገናኘው ምንም አልነበረም። በ1784 ጀርመናዊው ጎዘ የአሳማውን ከረጢት ከፍቶ ቢመለከት፣ በውስጡ የተጠቀለለው ራስ የኮሶ ትልን ራስ የሚመስል ሆኖ አገኘው። ከእውነቱ ደጃፍ ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ከረጢቱን ለብቻው ዘር አድርገው «ሲስቲሰርከስ» አሉትና በሩን መልሰው ዘጉት።

በዚያ ዘመን ብዙ ጠበብት እንዲህ ያሉ ትሎች ከሰውነት ውስጥ በራሳቸው የሚፈጠሩ ይመስላቸው ነበር። ሌሎቹ፣ ከእነርሱም መካከል ስመ ጥሩው ፎን ሲቦልድ፣ ከረጢቱ መንገድ የሳተና ባልተገባው አካል ውስጥ ገብቶ በውኃ ያበጠ ትል ነው ይሉ ነበር። ዴንማርካዊው ስቴንስትሩፕ በ1842 አንዳንድ ፍጥረታት ከትውልድ ወደ ትውልድ መልካቸውን እየለዋወጡ እንደሚኖሩ ሲገልጽ አዲስ አስተሳሰብ ተከፈተ። ይህን አስተሳሰብ ይዞ ወደ ሙከራ የገባው የዩኒቨርስቲ ሊቅ ሳይሆን በሳክሶን ግዛት፣ በሲታው ከተማ በሽተኞችን እያከመ የሚኖር ፍሪድሪኽ ኩኽንማይስተር የተባለ ሐኪም ነው። በ1851 ከጥንቸል ያወጣውን ከረጢት ለውሻና ለቀበሮ አብልቶ በአንጀታቸው ውስጥ የኮሶ ትል አበቀለ። ከረጢቱ የሳተ ትል ሳይሆን ገና ያላደገ ትል መሆኑ በዚህ ታወቀ። እንግዲህ የቀረው የሰው ነገር ነበር።

ኩኽንማይስተር በ1855 ያደረገው በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሲነገርና ሲያከራክር የኖረ ድርጊት ነው። ሞት የተፈረደበት አንድ ነፍሰ ገዳይ ሊገደል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከአሳማ ሥጋ የወጡ ከረጢቶች ከምግቡ ጋር ተደባልቀው እንዲበላ ተደረገ። ፍርዱ ከተፈጸመ ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬኑ ሲከፈት በአንጀቱ ውስጥ 10 ያህል ገና ያላደጉ የኮሶ ትሎች ተገኙ፤ በአንዳንዶቹም ራስ ላይ የአሳማው ከረጢት ልዩ ምልክት የሆኑት መንጠቆዎች ታዩ። የሚቃወሙት ሰዎች ትሎቹ ትንንሾች ናቸው፣ ይህ ማስረጃ አይበቃም ስላሉት፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሙከራውን በሌላ ፍርደኛ ላይ ደገመው። ይህኛው ሰው ከመገደሉ ከአራት ወር ገደማ በፊት 20 ከረጢት፣ ከሁለት ወር ተኩል በፊትም ሌላ 20 ከረጢት በልቶ ነበር። በ1860 ሞቱ ሲፈጸም 19 የኮሶ ትሎች ከአንጀቱ ወጡ፤ 11ዱ ለአካለ መጠን የደረሱ ነበሩ። ፈረንሳዮች ይህን ትል «ብቸኛው ትል» ብለው መጥራታቸው ምን ያህል ስሕተት እንደነበረም በዚያው ተገለጠ።

የዘመኑ ሰዎች ኩኽንማይስተርን ሳይነቅፉት አላለፉም፤ ነቀፋቸውም ተገቢ ነበር። ነገ የሚሞት ሰው የዛሬ ምግቡ የራሱ ነው፤ ሊቅም ቢሆን መሞከሪያ ሊያደርገው አይገባም። በሌላ በኩል የሙከራው ውጤት ከሺህ ዓመታት በላይ ያልተፈታውን ቋጠሮ እንደፈታ መካድ አይቻልም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መናገር ከባድ ስለሆነ ይመስላል፣ ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ውጤቱን ጠቅሰው ሰውየውን ይዘሉታል።

የዙሩን ሌላ ግማሽ ያሟላው ግን አነስ ያለ ዝና ያተረፈ ሥራ ነው። ቤልጅጋዊው ቫን ቤኔደን በ1853 የኮሶ ትል እንቁላል ለአሳማ አበላ፤ አሳማው ሲታረድ ሥጋው በከረጢት ተሞልቶ ተገኘ። በድሬስደን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሃውብነርም ከኩኽንማይስተር ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጓል። ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ሆኖ ታወቀ። ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው እስከ 50,000 የሚደርስ እንቁላል የያዙ የበሰሉ አንጓዎች እየተቆረጡ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። ሜዳ ላይ የተለቀቀ አሳማ የሰውን ዓይነ ምድር ሲበላ እንቁላሉ በአንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሽሉም በደም ተጉዞ በጡንቻ ውስጥ ያርፍና በሁለት ወይም በሦስት ወር ጊዜ ከረጢት ይሆናል። ሰው ይህን ሥጋ በሚገባ ሳያበስል ሲበላ ዙሩ ይዘጋል። በዚህ ዙር ውስጥ አሳማው የተበከለውን ከመብላት በቀር ምንም ያደረገው ነገር የለም። አበካዩ ሰው ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1852፣ ኩኽንማይስተር ሌላም ነገር ለይቶ ነበር። ከሰው አንጀት የሚወጣው የኮሶ ትል ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንና መንጠቆ የሌለው ሁለተኛ ዓይነት መኖሩን አስታወቀ። ይህ ሁለተኛው የከብት ኮሶ ትል ሲሆን፣ ሎይካርት በ1861 እንቁላሉን ለጥጃ አብልቶ የዚህንም መንገድ አረጋገጠ። ለኢትዮጵያ አንባቢ የቀረበው ይኸኛው ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ከጥንት ጀምሮ «ኮሶ» ሲባል የኖረው የከብቱ ትል ነው፤ መድኃኒቱም ስሙን የተጋራው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ዛፉን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ1820ዎቹም በቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራየር ስም የሳይንስ መጠሪያ ተሰጥቶት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። በአገሩ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከሥራም ከችሎትም ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም። መራራውን ጽዋ በየሁለት ወሩ የሚጨልጥ ሕዝብ የትሉን ነገር እንደ ጉንፋን አቅልሎ ቢመለከተው አያስደንቅም፤ የከብቱ ትል ሰውን አይገድልምና።

አደጋው ያለው ይህንኑ መናቅ ወደ አሳማው ትል ማሻገር ላይ ነው። የከብቱ ትል እንቁላል በሰው አካል ውስጥ ከረጢት አይሆንም። የአሳማው ትል እንቁላል ግን ሰውንና አሳማን አይለይም። በቆሸሸ እጅ፣ በውኃ ወይም በአትክልት አማካይነት ወደ ሰው አፍ ከገባ በአሳማው ላይ የሚያደርገውን ሁሉ በሰውም ላይ ያደርጋል፤ በጡንቻ፣ በዓይንና በአንጎል ውስጥ ከረጢት ይሠራል። ይህ እንዲሆን ሰውየው አንዲት ቁራሽ የአሳማ ሥጋ መቅመስ አያስፈልገውም። ትሉን በአንጀቱ ከያዘ ሰው ጋር አብሮ መኖሩ ይበቃል። የ19ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበር። ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሐኪሞች ዘንድ ትርጉም እስኪያገኝ ድረስ ግን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ የመጣውም በወታደሮች በኩል ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በህንድ አገር አገልግለው ወደ ብሪታንያ በተመለሱ ወታደሮች ላይ የሚጥል በሽታ ይነሣ ጀመር። ሰዎቹ ወደ ሠራዊቱ ሲገቡ ጤነኞች ነበሩ፤ በቤተሰባቸውም እንዲህ ያለ በሽታ አልታየም። አንዳንዱ ሥራ ለመሸሽ ያስመስላል ተባለ፤ አንዳንዱ አእምሮው ታውኳል ተብሎ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራዊቱ ሐኪም ዊልያም ማክአርተር ነገሩ የአሳማ ኮሶ ትል ከረጢት መሆኑን ደርሶበት፣ ሐኪሞች ከበሽተኞቹ ቆዳ በታች ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች እንዲዳብሱና ጡንቻቸውን በራጅ እንዲያነሡ አሳሰበ። ከረጢቱ ሲሞት ኖራ መስሎ ይጠጥራልና በራጅ ላይ በግልጽ ይታያል። ከእርሱ በኋላ ዲክሰንና ሊፕስኮም የበሽተኞቹን መዝገብ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው በ1961 የ450 ሰዎችን ታሪክ አሳተሙ። ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚጥል በሽታ ይዟቸው ነበር፤ እንቁላሉ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪነሣም በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ ይወስድ ነበር። ብዙዎቹ በራሳቸው አንጀት ትል ኖሯቸው አያውቅም። የክፉው ነገር ምንጭ በልተው የረሱት ምግብ ሳይሆን ያንን ምግብ ያዘጋጀው ወይም ያቀረበው ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ እነዚህ ሰዎች የጡረታና የሕክምና መዝገብ የሚያዝላቸው ወታደሮች ነበሩ፤ በየመንደሩ ጋኔን ይዞታል እየተባለ የኖረውን ገበሬ ማን መዘገበው?

መዝጋቢ ባልነበረበት ስፍራ ምን እንደሚደርስ የምዕራብ ኒው ጊኒ ታሪክ ያሳያል። በፓኒያይ ሐይቅ አካባቢ፣ ብርድ በበዛበት ደጋ ላይ የሚኖሩት የኤካሪ ሰዎች ሀብታቸውም ክብራቸውም አሳማ ነው። ጥሎሽ በአሳማ ይከፈላል፤ በዓል በአሳማ ይከበራል። የአሳማ ኮሶ ትል ግን በአገራቸው አይታወቅም ነበር። ግዛቱ በኢንዶኔዥያ አስተዳደር ሥር ከገባ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ትሉ ካለበት ከባሊ ደሴት አሳማዎች በስጦታ መልክ ወደ አካባቢው ተላኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኤናሮታሊ ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ቁጥር ከልማዱ ውጭ እየበዛ መጣ። ሰዎቹ ሌሊት በጎጆ ውስጥ እሳት ዙሪያ ነው የሚተኙት። የሚጥለው በሽታ በእንቅልፋቸው ሲይዛቸው ወደ ፍሙ ይወድቃሉ፤ ራሳቸውን ስተው ስለሆነም እግራቸው ወይም ክንዳቸው እስኪቃጠል ድረስ አይነሡም። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ያዩት ቃጠሎውን ነው፤ ከቃጠሎው ወደ ሚጥል በሽታው፣ ከሚጥል በሽታው ወደ ከረጢቱ፣ ከከረጢቱም ወደ አሳማዎቹ ወደኋላ እየተከተሉ ሄዱ። በ1978 የኢንዶኔዥያ ሐኪሞችና አሜሪካዊው ጋይዱሴክ ጉዳዩን በየፊናቸው አሳተሙ። ለማስደሰት የተሰጠ ስጦታ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ማለፉ ያስከተለው ጥፋት ይህ ነው።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሕዝብ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ማለቱ የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ ትሉ በአገሩ ብዙም አልተስፋፋም፤ ይህ እውነት ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ጥንታዊው ክልከላ የተደነገገው በትሉ ምክንያት ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ይህ የኋላ ሰው ግምት ነው፤ በኦሪት የተከለከሉት ግመልና ጥንቸል ይህን ትል አያመጡምና። ክልከላው ከትሉ ይጠብቃል፤ ከእንቁላሉ ግን አይጠብቅም። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን በሚኖሩ፣ የአሳማ ሥጋ ፈጽሞ በማይበሉ ጥብቅ አይሁድ መካከል አራት ሰዎች በአንጎላቸው ውስጥ ከረጢት ተገኘባቸው። ሲመረመር ቤተሰቦቹ ትሉ ከሚገኝባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ከሠራተኞቹም አንዷ ትሉን በአንጀቷ ይዛ ተገኘች። እርሷም ብትሆን በሽታው ያለባት ተጠቂ እንጂ ወንጀለኛ አልነበረችም፤ ትሉ ብዙ ጊዜ በያዘው ሰው ላይ የሚሰማ ሕመም አያስከትልምና ማወቂያ አልነበራትም።

ጀርመንና ጎረቤቶቿ ትሉን ከአገራቸው ያስወጡት በአንድ መድኃኒት አይደለም። በበርሊን በ1881 የተከፈተው የከተማ ቄራና በ1900 በመላ አገሪቱ የወጣው የሥጋ ምርመራ ሕግ ድርሻ አላቸው፤ ምርመራውን በይበልጥ ያስገደደው ሌላው የአሳማ ትል፣ ትሪኪኔላ ቢሆንም ጥቅሙ ለሁለቱም ደርሷል። ከዚህ ያላነሰ የሠራው ግን መጸዳጃ ቤትና የተዘጋ የአሳማ በረት ነው። የሥጋ ምርመራ ብቻውን በድኻ ገጠር ምን እንደሚያስከትል የእንስሳት ሐኪሞች በተግባር አይተውታል። ገበሬው አሳማው በቄራ እንደሚወገድበት ካወቀ ምላሱን ራሱ ዳብሶ ጤነኛውን ወደ ቄራ፣ የታመመውን ወደ ጓሮ ገበያ ይልከዋል። ሕጉ ሥጋውን ሲወስድበት ካሣ ካልሰጠው ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይደለም።

መድኃኒቶቹ የመጡት በኋላ ነው። ኒክሎሳማይድ በ1960ዎቹ፣ ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ የኮሶን ምሬት አስቀሩ። ሆኖም ፕራዚኳንቴል በአንጎሉ የተደበቀ ከረጢት ላለበት ሰው ሲሰጥ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ1970ዎቹ የተስፋፋው ሲቲ ስካን ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ያለውን ከረጢት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ አሳየ። ትሉ በሚገኝባቸው ብዙ አገሮች ከሚጥል በሽታ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከእርሱ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በ1993 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጉባኤ ትሉን ፈጽሞ ሊጠፉ ከሚችሉ ጥቂት በሽታዎች መካከል መደበው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ትሉ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በሰው ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው ከዳነ የአሳማው ምንጭ ይደርቃል።

ይህ በወረቀት ላይ የተጻፈ ተስፋ በሰሜን ፔሩ፣ በቱምቤስ አካባቢ ተሞከረ። ሥራው ከ2004 እስከ 2010 ተካሂዶ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ሐኪሞችና የእንስሳት ሐኪሞች በአንድነት ተሰልፈው፣ ሰዎቹን በኒክሎሳማይድ፣ አሳማዎቹን በኦክስፌንዳዞል አከሙ፤ ለአሳማዎቹም ክትባት ሰጡ። የመጨረሻው ዘመቻ 107 መንደሮችን፣ ከ80,000 በላይ ሰዎችንና ከ55,000 በላይ አሳማዎችን ያጠቃለለ ነበር። ሥራው ሲጠናቀቅ ከ107ቱ መንደሮች በ105ቱ የትሉ መተላለፍ ተቋርጦ ተገኘ። ክትባቱ የተሠራው በሜልቦርን በነበሩ ተመራማሪዎች ሲሆን፣ የሚሰጠው ለአሳማው እንጂ ለሰው አይደለም። አሳማው የሚከተበውም ሰው ከሚጥልበት እንቁላል እንዲጠበቅ ነው።